ያልበቀለ ጥርስ፣ የሚያድግ መንጋጋ

የ8 ዓመት ልጅን መንጋጋ ከጆሮ እስከ ጆሮ በአንድ ምስል የሚያሳየው ሰፊ ራጅ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ይመስላል። ድዱን ሰንጥቀው የወጡት ጥርሶች በአንደኛው ፎቅ ላይ ቆመዋል፤ በሌላኛው፣ አጥንቱ ውስጥ፣ ቋሚዎቹ ተራቸውን ይጠብቃሉ። የታችኛው መንጋጋ የመጨረሻ የወተት ጥርስ ሁለት እግሮች አሉት። በእግሮቹ መካከል፣ ጎጆ ውስጥ እንደተቀመጠ እንቁላል፣ ተተኪው ጥርስ ነጭ ሆኖ መታየት አለበት። በአንዳንድ ልጅ ራጅ ላይ ግን ተተኪው በግራ በኩል በቦታው ሲገኝ፣ በቀኝ በኩል በሁለቱ እግሮች መካከል የአጥንቱ ግራጫ መረብ ብቻ ይታያል። ልጁን ምንም አላመመውም፤ ድዱም አላበጠም። እኩዮቹ የወለቀ ጥርሳቸውን ጣሪያ ላይ ሲወረውሩ የእሱ ንቅንቅ አለማለቱን ቤተሰቡ እንደ ጥንካሬ ሊቆጥረው ይችላል።

ስለዚያች ግራጫ ቦታ ዛሬ ማሰብ ያስፈልጋል፤ የሕክምናው የመጨረሻ እርምጃ ግን ከ10 ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል። የዚህ ምዕራፍ መከራከሪያ እዚህ ላይ ነው። ጥርስ ያልተፈጠረለትን ልጅ ማከም ቶሎ መጀመር፣ ነገር ግን ዘግይቶ መጨረስ አለበት። ልጆች የሚጎዱባቸው ስህተቶች ብዙውን ጊዜ ሁለት ናቸው፤ አንዱ «ገና ልጅ ነው፣ ይደግ» ብሎ ምንም አለመጀመር፣ ሌላው ልጁ አድጎ ሳይጨርስ ሕክምናውን ለመጨረስ መጣደፍ። ሁለቱ ተቃራኒ ቢመስሉም ምንጫቸው አንድ ነው፤ መንጋጋ በየዓመቱ ቅርጹን የሚለውጥ ሕያው አጥንት መሆኑን መርሳት።

መጀመሪያ ቆጠራው። ሰው 20 የወተት ጥርሶችና 32 ቋሚ ጥርሶች ይኖሩታል ተብሎ ይጠበቃል። ከቋሚዎቹ መካከል የመጨረሻዎቹ አራት፣ በተለምዶ የጥበብ ጥርስ የሚባሉት፣ በብዙ ሰው ላይ ስለሚጎድሉ ከሂሳቡ ይወጣሉ። እነሱን ሳንጨምር ከ100 ሰዎች 6 የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ቋሚ ጥርስ ከመነሻው አልተፈጠረላቸውም፤ በሴቶች ላይ ደግሞ ከወንዶች በመጠኑ ይበዛል። አብዛኞቹ የሚጎድላቸው አንድ ወይም ሁለት ነው። በብዛት የሚጎድለው ቅድም በራጁ ላይ ያጣነው የታችኛው መንጋጋ ሁለተኛው ትንሽ መንጋጋ ጥርስ ሲሆን፣ ከሁለቱ የላይኛው የፊት ጥርሶች ግራና ቀኝ የሚቆሙት ቀጭን ጥርሶች ይከተላሉ። ስድስትና ከዚያ በላይ ጥርስ የሚጎድላቸው ከ1,000 ሰዎች 1 ወይም 2 ቢሆኑ ነው። ጥርስ ጨርሶ ያልተፈጠረለት ልጅ እጅግ ብርቅ ነው፤ ግን አለ።

ቆጠራው ራሱ ወጥመድ አለበት። ያልታየ ጥርስ ሁሉ ያልተፈጠረ አይደለም። አጥንት ውስጥ ተጋድሞ የቀረ ሊሆን ይችላል፤ የዘገየም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ትንሽ መንጋጋ ጥርስ በልጁ 2ኛና 3ኛ ዓመት አካባቢ መጠንከር ቢጀምርም በአንዳንድ ልጆች ላይ ብዙ ይዘገያልና፣ የ5 ዓመት ልጅ ራጅ ላይ አልታየም ብሎ ፍርድ መስጠት መቸኮል ነው። ለእኛ አገር አንባቢ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው ሕፃኑ «ግግ አውጥቷል» ተብሎ ድዱ ተሰንጥቆ የክራንቻው ቡቃያ በባህላዊ መንገድ የሚወጣበት አካባቢ ዛሬም አለ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ እስራኤል ከገቡ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጆች መካከል በአንድ ቡድን ላይ የተደረገ ምርመራ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ የወተት ክራንቻ እንደሌላቸው አሳይቷል። ይህ ከተፈጥሮ የመጣ ጉድለት አይደለም፤ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስም አብሮ የሚያበላሽበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ ልጅ ሲመጣ ሐኪሙ ማንንም ሳያሳፍር ስለ ግግ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ያለዚያ በሰው እጅ የመጣውን ጉዳት የዘር ነው ብሎ ይመዘግበዋል።

በእውነት ከመነሻው ያልተፈጠረ ከሆነ ግን መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ዘረ-መል ነው። እናቶች «በእርግዝናዬ ወተት ስላልጠጣሁ ነው» ብለው ራሳቸውን ሲወቅሱ፣ አንዳንዴም ዘመድ ሲወቅሳቸው ይኖራል። ወቀሳው መሠረት የለውም። የወተት ጥርሶች ቡቃያ ጽንሱ የስድስት ሳምንት ዕድሜ ላይ እያለ መታየት ይጀምራል፤ ቡቃያው እንዲነሳ ትእዛዝ የሚያስተላልፉት እንደ ኤምኤስኤክስ1፣ ፓክስ9 እና ደብልዩኤንቲ10ኤ ያሉ ዘረ-መሎች ናቸው። ከእነዚህ በአንዱ ላይ ስህተት ካለ ትእዛዙ ይቋረጣል። በእናት ምግብ የሚመጣና የሚቀር ነገር አይደለም።

ከዘረ-መሎቹ አንዱ፣ ኢዲኤ የሚባለው፣ ለጥርስ ብቻ አይሠራም፤ ለላብ ዕጢና ለፀጉርም ጭምር ነው። ቻርልስ ዳርዊን በ1875 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው በዛሬዋ ፓኪስታን በሲንድ ግዛት ስለሚኖር አንድ ቤተሰብ ጽፏል፤ በአራት ትውልድ ውስጥ 10 ወንዶች ጥቂት ጥርስ ብቻ ነበራቸው፣ ገና በወጣትነት ይመለጣሉ፣ በሙቀት ወራትም ቆዳቸው ደርቆ ይሠቃያሉ። ሴቶቹ ሳይታመሙ ለወንድ ልጆቻቸው ያስተላልፉ ነበር። ዛሬ ዘረ-መሉ የሚገኘው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ መሆኑን ስለምናውቅ የዳርዊን ገለጻ እንግዳ አይሆንብንም። ለጥርስ ሐኪም ይህ የታሪክ ጌጥ ብቻ አይደለም። ጥቂት፣ እንደ እሾህ የሾሉ ጥርሶች ብቻ ያሉት የ3 ዓመት ወንድ ልጅ ሲቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ አፉ መሆን የለበትም። «ያልበዋል ወይ?» መባል አለበት። የማያልበው ሕፃን በሞቃት አገር፣ በአፋርም ሆነ በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ሰውነቱ ሊግል፣ ሕይወቱም አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ተደጋጋሚ ትኩሳት ሲባል የከረመው ነገር በጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ሊገለጥ ይችላል።

አሁን ወደ አጥንቱ። ጥርስ አጥንት ላይ የሚተከል ምሰሶ ይመስለናል፤ እውነቱ ግን ጥርሱ ቤቱን ይዞት የሚወጣ መሆኑ ነው። ጥርሱን ዙሪያውን የሚያቅፈው የመንጋጋ ክፍል የሚሠራው ጥርሱ ሲበቅል አብሮ ነው፤ ጥርስ ካልበቀለ አይሠራም። ስለዚህ ጥርስ ያልተፈጠረበት የታችኛው መንጋጋ ሰፊ ሜዳ አይሆንም፤ እንደ ቢላ ጀርባ የቀጠነ ሸንተረር ሆኖ ይቀራል። አፉ ሲዘጋ የሚያቆመው ጥርስ ስለሌለ አገጭ ወደ አፍንጫ ይቀርባል፣ ከንፈር ወደ ውጭ ይገለበጣል፤ የ5 ዓመት ልጅ የሽማግሌ ገጽ ይይዛል። ጎረቤቶቹ ጥርሶችም ዝም ብለው አይቆሙም፤ ወደ ባዶው ቦታ ያዘነብላሉ፣ ከላይ ያለው ተቃራኒ ጥርስም ይወርዳል። «ይደግ» ብለን የምንጠብቅባቸው ዓመታት ባዶ ዓመታት አይደሉም፤ በእነሱ ውስጥ ቦታ ይጠባል፣ አጥንት ይቀጥናል።

እንግዲያው ቶሎ ይታከም ከተባለ፣ ለምን አሁኑኑ ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚገባ፣ ሰው ሰራሽ ጥርስ የሚሸከም ብሎን) ተተክሎ ነገሩ አያልቅም? ወላጆች ይህን ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም፤ የኢምፕላንት ታሪክ ራሱ የተጀመረው ከዚሁ ችግር ነውና። በ1965 እ.ኤ.አ. በስዊድን ጎተንበርግ ከተማ ተመራማሪው ፔር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ የመጀመሪያዎቹን የታይታኒየም ብሎኖች የተከለው በጎስታ ላርሶን ታችኛው መንጋጋ ላይ ነበር። ላርሶን የላንቃ ስንጥቅና የመንጋጋ ጉድለት ይዞ የተወለደ፣ በታችኛው መንጋጋው ላይ ጥርስ ያልነበረው ሰው ነው። ብሎኖቹ ከ40 ዓመት በላይ፣ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አገለገሉት። ግን ያን ጊዜ ላርሶን የ34 ዓመት ጎልማሳ ነበር። የመንጋጋው እድገት ከቆመ ቆይቷል።

በሚያድግ መንጋጋ ውስጥ ያው ብሎን ሌላ ነገር ይሆናል። ተፈጥሯዊ ጥርስ ከአጥንቱ ጋር የተያያዘው በቀጭን የጅማት ሽፋን ስለሆነ፣ አጥንቱ ሲያድግ ጥርሱ አብሮ ይወርዳል፣ አብሮ ይጓዛል። ታይታኒየም ግን ያለ ምንም ጅማት ከአጥንቱ ጋር ይዋሃዳል፤ ጥንካሬውም ጉድለቱም ይኸው ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ስዊድናውያን ተመራማሪዎች በሚያድጉ አሳማዎች መንጋጋ ውስጥ ብሎን ተክለው ሲከታተሉ ጎረቤት ጥርሶች ወደፊት ሄዱ፤ ብሎኖቹ ባሉበት ቀሩ። ይህን ለማየት ላቦራቶሪ የግድ አይደለም፤ ተፈጥሮ ራሷ በብዙ ልጆች አፍ ውስጥ ታሳየናለች። ተተኪ የሌለው የወተት ጥርስ አንዳንድ ጊዜ ጅማቱን አጥቶ ከአጥንቱ ጋር ይጣበቃል። ከዚያ ወዲህ በዙሪያው ያሉት ጥርሶች በየዓመቱ ከፍ ሲሉ እሱ ባለበት ይቀራል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከእኩዮቹ መካከል የሰመጠ ይመስላል። አልሰመጠም፤ ሌሎቹ ናቸው የተነሱት። በ9 ዓመት ልጅ የፊት ጥርስ ቦታ የተተከለ ኢምፕላንትም ዕጣው ይህ ነው። ልጁ 18 ሲሆን ሰው ሰራሹ ጥርስ ከጎረቤቶቹ አጥሮ፣ ድዱም ወደ ላይ ሸሽቶ ይገኛል፤ ማስተካከያው ደግሞ ከመጀመሪያው ሥራ የከበደ ነው።

ለዚህ ሕግ አንድ እውነተኛ ልዩ ሁኔታ አለ፤ ሊሸፈንም አይገባም። የታችኛው መንጋጋ የፊት ክፍል፣ አገጩ ላይ ያለው፣ ሁለቱ ግማሾቹ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ስለሚጋጠሙ በስፋት ብዙ አይለወጥም። በዚያ ላይ ተነቃይ ጥርስ ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው በታችኛው መንጋጋ ነው፤ የሚይዝበት ሸንተረር የለምና። ስለዚህ በታችኛው መንጋጋቸው ላይ አንድም ጥርስ ለሌላቸው ልጆች ሁለት ብሎን ከፊት ተክሎ ተነቃዩን ጥርስ በእነሱ ላይ ማሳረፍ በልዩ ማዕከላት ይደረጋል፤ የተሳካላቸውም አሉ። ሆኖም ከ1985 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. በስዊድን በልጆች ላይ የተተከሉ ኢምፕላንቶች ሲቆጠሩ፣ የላብ ዕጢና የጥርስ ችግር አብሮ ካለባቸው 5 ትንንሽ ልጆች መካከል ከተተከሉት 14 ብሎኖች 9ኙ ወድቀዋል። አምስት ልጆች ጥቂት ናቸው፤ ከጥቂት ልጆች ትልቅ ድምዳሜ አይወጣም። ነገር ግን ይህ የሆነው ኢምፕላንት በተወለደበት አገር፣ በሠለጠነ እጅ ነው። መንጋጋቸው ጠባብ መሆኑ እንደ ዋና ምክንያት ታይቷል። በልዩ ማዕከልም ቢሆን ይህን ያህል ከከበደ፣ መጀመሪያ በተገኘው ክሊኒክ የሚሞከር ሥራ አይደለም።

ታዲያ ቶሎ የሚጀመረው ምንድን ነው? ብዙ ጥርስ ለጎደለው ልጅ መልሱ ከ3 ዓመት አካባቢ ጀምሮ ተነቃይ ሰው ሰራሽ ጥርስ ነው። ሥራውን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። መጀመሪያ ልኩ ይወሰዳል፤ ትንሽዬ ብረት ማንኪያ ውስጥ የተቦካ ለስላሳ ሊጥ አፉ ውስጥ ገብቶ እስኪጠነክር ልጁ በአፍንጫው እንዲተነፍስ ይለማመዳል፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ በእናቱ ጣት ላይ እንዲያየው ይደረጋል። የሾሉት ጥርሶች አይነቀሉም፤ እያንዳንዱ ጥርስ ሸንተረሩን ያቆያልና። ጥርስ በሚመስል የኮምፖዚት መሙያ ተገንብተው ቅርጽ ይይዛሉ፣ ተነቃዩም በእነሱ ላይ ይንጠላጠላል። የላይኛው ላንቃ ላይ የሚያርፈው የአክሪሊክ ቁራጭ መሃል ለመሃል ተሰንጥቆ ትንሽ ብሎን ሊገባበት ይችላል፤ ወላጅ በታዘዘው ቀን ሩብ ዙር ሲያዞራት ቁራጩ ይሰፋል፣ የመንጋጋውን እድገትም አያፍንም። በየጥቂት ወሩ ይታያል፣ ከሥሩ ይሞላል፤ በየጥቂት ዓመቱ እንደ አዲስ ይሠራል።

«በጥቂት ዓመት ለሚጠበው ነገር ለምን ይከፈላል?» የሚለው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ በተለይ ሁሉንም ከኪሱ ለሚከፍል ቤተሰብ። ነገር ግን ለልጅ ጫማ ስንገዛ በሚቀጥለው ዓመት እንደሚጠበው አውቀን እንገዛለን፤ እግሩ እስኪያድግ በባዶ እግሩ ይሂድ አንልም። አክሪሊክ ተነቃይ ጥርስ ለአረጋውያን ሲሠራ የኖረ፣ ከሁሉም ቀላሉ ቴክኖሎጂ ነው። «የመልክ ጉዳይ ነው» የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። «ፈ» የምትባለው የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ሲነካ ነው፤ «ሰ» እና «ጸ» የፊት ጥርስ ይፈልጋሉ። ፊደል በሚቆጠርበት ዕድሜ እነዚህን መጥራት ያልቻለ ልጅ ዝምታን ሊመርጥ ይችላል። የምግቡም ነገር እንዲሁ ነው፤ ፍርፍርና ሽሮ ያለ ጥርስም ስለሚዋጡ ቤተሰቡ ችግሩን ሳያየው ይቆያል። ቆሎ ሲቀርብ ነው የሚታወቀው። መልኩም ቢሆን ቀላል ነገር ነው አልልም፤ አፉን በእጁ ሸፍኖ የሚስቅ ልጅ ሕክምና የሚገባው ታካሚ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ የሚመጣው ከባለሙያዎች ነው። ተነቃይ ጥርስ በቀጭኑ ሸንተረር ላይ ሲጫን አጥንቱን ሊበላው ይችላል፤ ሥሩ ካልጸዳም ያሉትን ጥቂት ጥርሶች ያበሰብሳል፤ አንዳንድ ልጅም አውጥቶ ይጥለዋል። ሦስቱም እውነት ናቸው። መልሱ ሕክምናውን መተው ሳይሆን ክትትሉን የሕክምናው አካል ማድረግ ነው፤ ሌሊት ማውለቅ፣ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና መቦረሽ፣ ግፊቱን በየጊዜው ማስተካከል። የታችኛውን እምቢ ላለ ልጅ የላይኛውን ብቻ ለብሶ መቆየት ሽንፈት አይደለም፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይሞከራል። ክትትል የሌለበት ተነቃይ ጥርስ ግን፣ እቀበላለሁ፣ ባይሠራ ይሻላል።

አንድ ወይም ሁለት ጥርስ ብቻ ለጎደለው ልጅ መንገዱ ይለያል፤ ሰዓቱ ግን ያው ነው። ተተኪ የሌለው የወተት መንጋጋ ጥርስ እግሩ ካልተበላና ካልሰመጠ ሊጠበቅ ይገባዋል። በስዊድን በተደረጉ ክትትሎች እስከ 20 ዓመት የደረሱት አብዛኞቹ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ይቆያሉ። ጥርሶቹ ለተጨናነቁበት ልጅ ደግሞ 8ና 9 ዓመት ላይ በጊዜ ተነቅሎ ከኋላ ያሉት ወደፊት እንዲመጡ፣ ክፍተቱ በራሱ ጥርስ እንዲዘጋ ይደረጋል። የፊት ቀጭን ጥርስ ለጎደለው ክራንቻውን በብሬስ (በጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ወደ ቦታው አምጥቶ መሞረድና መቀረጽ ይቻላል። የኦስሎ ሐኪሞች ከሌላ ቦታ የተረፈ ትንሽ መንጋጋ ጥርስ፣ ሥሩ ገና ግማሽ ወይም ሦስት አራተኛ ሲደርስ አውጥተው በጎደለው ቦታ ላይ መትከልን አዳብረዋል፤ ከ17 እስከ 41 ዓመት በተከታተሏቸው ሰዎች ላይ ከተተከሉት 90 በመቶው በቦታቸው ተገኝተዋል። የተዛወረው ጥርስ ጅማቱን ይዞ ስለሚሄድ ከመንጋጋው ጋር ያድጋል፤ ብሎን የማይችለው ይህን ነው። ዕድሉ የሚሠራው ግን ሥሩ ሳያልቅ፣ በ10 እና በ13 ዓመት መካከል ባለች ጠባብ መስኮት ነው። ራጁ በ8 ዓመቱ ያልተነሳለት ልጅ መስኮቷ መኖሯን ሳያውቅ ትዘጋበታለች። ጎረቤት ጥርስ ሳይሞረድ በአንድ ክንፍ ብቻ ከጀርባ በሙጫ የሚለጠፈው የዚርኮኒያ ብሪጅም፣ በጀርመን ኪል ከተማ በ10 ዓመት ክትትል ከ100 ዘጠና ስምንት ያህሉ ጸንተው የተገኙ ሲሆን፣ ወጣቱ እስኪደርስ ድረስ፣ አንዳንዴም ለዘለቄታው፣ ቦታውን ይይዛል።

«የጥርስ ማብቀያ መድኃኒት ሊመጣ ነው፣ እንጠብቅ» የሚሉም አሉ። ተስፋው እውነተኛ ነው። በጃፓን ኦሳካ ካትሱ ታካሃሺና ባልደረቦቹ የጥርስ ቡቃያን የሚገታውን ዩኤስኤጂ-1 የተባለ ፕሮቲን የሚያግድ መድኃኒት በአይጦችና በፌሬት ላይ ከሞከሩ በኋላ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በ30 ጎልማሳ ወንዶች ላይ የደኅንነት ሙከራ ተጀምሯል፤ ቀጣዮቹ ታላሚዎች ጥርስ ያልተፈጠረላቸው ከ2 እስከ 7 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው። በጀርመን ኤርላንገን ደግሞ ሆልም ሽናይደርና ባልደረቦቹ የጎደለውን የኢዲኤ ፕሮቲን በእርግዝና መጨረሻ ወራት በእንሽርት ውሃ ውስጥ ለሦስት ጽንሶች ሰጥተው፣ ልጆቹ ከተወለዱ በኋላ እንደሚያልባቸው በ2018 እ.ኤ.አ. አሳውቀዋል። ያው ዓይነት ሕክምና ለተወለዱ ሕፃናት ሲሰጥ አልሠራም። ከወሊድ በፊት የተከፈተው በር ከወሊድ በኋላ ተዘግቷል፤ የሰዓቱ ነገር እዚህም ይገዛል። ዛሬ የ3 ዓመት ልጅ ያለውን ወላጅ ግን የልጁ መንጋጋ መድኃኒቱ እስኪጸድቅ እድገቱን አቁሞ አይጠብቀውም። መድኃኒቱ ቢመጣም እንኳ የሚበቅለው ጥርስ ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታ የሚያቆየው ደግሞ ዛሬ የሚሠራው ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ የሚያበቃው መቼ ነው? የልደት ቀን አይነግረንም፤ አንዷ ልጅ በ17 ዓመቷ ስታበቃ አንዱ ወንድ በ21 ዓመቱም ያድጋል። ስለዚህ ቤተሰቡ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ራጅ፣ የተወሰደውን ልክና የሐኪሙን ማስታወሻ ቢይዝ ይረዳል፤ ሥራውን የጀመረው ሐኪምና የሚጨርሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው አይሆኑም። ጊዜው ሲቃረብ ራስ ቅሉ በጎን በኩል በራጅ ይነሳል፤ ከዓመት በኋላ በዚያው አቋም እንደገና ይነሳል። ሁለቱ ምስሎች ይደራረባሉ። የሁለተኛው አገጭ ከመጀመሪያው በትንሹም ቢሆን ወደ ታች ወይም ወደፊት ወጥቶ ከታየ ወጣቱ ያንኑ ተለጣፊ ብሪጅ ይዞ ሌላ ዓመት ይቆያል። መስመሮቹ ከገጠሙ የተከላው ቀን ይቆረጣል።